መጋቤ ቆርቆሮ እና የጭቃው አገር

በየተማሪ ቤቱ ባዶ ቆርቆሮ አይቶ ማለፍ የማይችል አንድ መምህር አለ። «በእኛ ዘንድ የለም» የምትሉ ካላችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡና የጎደለ ዕቃ እንዳለ ተመልከቱ። ወንፊቱ፣ የጃንጥላው ሽቦ፣ የፋኖሱ ክዳን፣ የአንድ እግር ካልሲ ከቦታቸው ከሌሉ ሰውየው ጎረቤታችሁ ነው። ሌባ ብላችሁ እንዳትከሱት። ሌባ የወሰደውን ይደብቃል፤ ይኼኛው ግን በማግስቱ በልጆች ሁሉ ፊት ከፍ አድርጎ ያሳየዋል።

ለእኔ የደረሰኝ አካለ ወልድ ይባላል። እኔው ራሴ በሾምኩት መሠረት ሙሉ ማዕረጉ «ክቡር መጋቤ ቆርቆሮ፣ ሊቀ ካርቶን፣ መምህር አካለ ወልድ» ነው። ከቢቸና ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ተማሪ ቤት አብረን እናስተምር ነበር፤ እሱ አራተኛ ክፍልን፣ እኔ ከግድግዳው ማዶ ሦስተኛን። ከሥራ ስንወጣ ደግሞ በእሜቴ ሀብትነሽ ግቢ ጎን ለጎን የተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ይጠብቁናል። ስለዚህ ቀንም ሆነ ማታ ከእሱ ማምለጫ አልነበረኝም።

ጊዜው ጃንሆይ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ሆነው ቁልቁል የሚመለከቱን ጊዜ ነው። በአካለ ወልድ ክፍል ግን ሥዕላቸው ዙሪያውን በተንጠለጠለ ቆርቆሮ፣ በላባ፣ በቀንድና በሽቦ ከመከበቡ የተነሣ፣ ይመለከቱ የነበረው ግራ በመጋባት ይመስለኛል። አልፈርድባቸውም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቆ ሲመጣ «ቲቺንግ ኤድ» የምትባል፣ መርጃ መሣሪያ ማለት የሆነች አንዲት ቃል ይዞ ነበር የመጣው። ሌሎቻችን ያቺን ቃል ከምስክር ወረቀታችን ጋር ሣጥን ውስጥ ቆልፈንባታል። እሱ ግን አመነባት።

ሁለት አባባሎች ነበሩት። ዕቃ ሲያነሣ «ለትምህርት ነው» ይላል። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ «ግድ የለም» ይላል። ገና በተዋወቅንበት ሰሞን ክፍሌ ገብቶ ደዋይ ሰዓቴን አነሣና «ትሠራለች?» አለኝ።

«አዎን፣ ትሠራለች» አልኩት ኮራ ብዬ።

«ግድ የለም» ብሎኝ ይዟት ወጣ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። በማግስቱ ሰዓቴን በአራተኛ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሆዷ ተዘርግፎ፣ ጥርሶቿ በየልጁ መዳፍ ተቀምጠው አየኋት። የዕለቱ ትምህርት «ጊዜ እንዴት ይሄዳል?» የሚል ነበር። መልሶ ሲገጥማት ጥቂት ብሎኖች ተረፉ። እሱ «ድሮም ትርፍ ነበሩ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቴ በደረቷ ካላስተኟት አትሄድም፤ በደረቷ ከተኛች ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማየት አይቻልም። ለአንድ ዓመት ያህል ሰዓት እየሄደልኝ ሰዓት ሳላውቅ ኖርኩ።

ዓለም ድቡልቡል መሆኗን ለማስተማር ሲያስብ ደግሞ የእሜቴ ሀብትነሽ የእርጎ መናጫ ቅል ዓይኑ ውስጥ ገባች። እሜቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲመለሱ ቅላቸው ዓለም ሆና ጠበቀቻቸው፤ ባሕሩ በሰማያዊ ቀለም፣ የብሱ በቀይ አፈር ተለቅልቆ።

«አንተ አካለ ወልድ፣ ቅሌን አምጣት! እርጎው ሊያልፍብኝ ነው!»

«እሜቴ፣ ዓለም እኮ ናት።»

«ዓለምም ትሁን ገነት፣ እኔ የምንጥባት ነገር ነው የምፈልግ!»

ዓለምን ከእጁ ነጥቀው ናጧት። ቀለሙ በእጃቸው ላይ ተላቆ የዚያ ሳምንት ቅቤ ሰማያዊ ወጣ፤ ገበያ ላይም የሚገዛው ጠፋ። ተማሪዎቹ ደግሞ በሌላ ግራ ተጋቡ። በፈተና «ዓለም ምን ትመስላለች?» ተብለው ሲጠየቁ ግማሾቹ «ድቡልቡል ናት፤ አንገት አላት» ብለው ጻፉ። አካለ ወልድ ለሁሉም ሙሉ ማርክ ሰጣቸው። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ያዩትን ነው የጻፉት» አለኝ።

የሳንባውን ነገር ባላነሣው እወድ ነበር፤ ግን ቢቸና ላይ እስካሁን መልስ ያላገኘ ጥያቄ ስለሆነ ልዘለው አልችልም። ቅበላ ዕለት ከታረደ በግ ሳንባውን ከነጉሮሮው ለምኖ ወሰደና ሰኞ ጠዋት፣ ዐቢይ ጾም በገባበት ቀን፣ ስለ አተነፋፈስ አስተማረ። ልጆቹ ተራ በተራ በጉሮሮው ቱቦ እየነፉ ሳንባው ሲነፋና ሲተነፍስ አዩ። ደስ አላቸው። ቤታቸው ገብተው ለእናቶቻቸው ሲነግሩ ግን «የሥጋ ነገር አፉ ያስገባ ልጅ ጾሙን ገድፏል ወይስ አልገደፈም?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዱ ቄስ «አልዋጡምና አልገደፉም» አሉ። ሌላው «ትንፋሹ ወደ ውስጥ ተመልሷልና ገድፈዋል» አሉ። ሦስተኛው ደግሞ ለጊዜው መምህሩ ብቻ ይስገድ ብለው ወሰኑ። አካለ ወልድ ሳያጉረመርም ሰገደ፤ ሲነሣም ጉልበቱን እየዳሰሰ «ስለ መገጣጠሚያ ለማስተማር ጥሩ ነው» አለኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ካርታ ለመሥራት የተነሣው።

በዚያ ዓመት በየገበያው አንድ ወሬ ይናፈስ ነበር፤ መንግሥት መሬት ሊለካ ነው የሚል። በእኛ አገር ቀላድ፣ ያ መሬት የሚለካበት ገመድ፣ ከአንበጣ ይልቅ ይፈራል። አንበጣ የዓመቱን እህል በልቶ ይሄዳል፤ ቀላድ የተጣለበት ርስት ግን ግብሩም ባለቤቱም ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ይኼን ወሬ ቢቸና ሰምታዋለች፣ ሞጣ ሰምታዋለች፣ ደጀን ላይ የሚያድሩት ሾፌሮች ሳይቀሩ ሰምተዋል። ያልሰማው አካለ ወልድ ብቻ ነው። እሱ በዚያ ሰሞን ከተማሪ ቤቱ ጀርባ ጭቃ ሲያቦካ ነበር።

ካርታው የአንድ ጎጆ ወለል ያህላል። ጮቄ ተራራ በጭድና በጭቃ ተቆልሎ ቆሟል፤ ዓባይ በአመድ ተሥሎ አገሩን ዞሮታል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው። የቀረው የልጆቹ የአባቶቻቸው ማሳ ብቻ ነበር። ዓርብ ዕለት ለእያንዳንዱ ልጅ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ገመድ አደለና «ሂዱ፣ ማሳችሁን ለክታችሁ ኑ» ብሎ አሰናበታቸው።

ቅዳሜን በየማሳው ላይ ገመድ የሚጎትቱ ልጆች ሲሯሯጡ ዋሉ። እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የሰው ሁሉ ወሬ አንድ ሆነ፤ «መንግሥት እኛን ስለፈራ በልጆቻችን አስለካን!» ሰኞ ጠዋት አራተኛ ክፍል ውስጥ አንድም ልጅ አልነበረም።

ዲሬክተራችን አቶ ሣህለ ማርያም ቢሮውን እየዞሩ እጃቸውን ያፍተለትላሉ። የሚያፍተለትሉበትም ምክንያት ነበራቸው። አራተኛ ክፍል በስንት ልመና በዚያው ዓመት ለሙከራ የተከፈተ ክፍል ነው። ረቡዕ ከደብረ ማርቆስ ኢንስፔክተር ይመጣል። ክፍሉን ባዶ ካገኘው ይዘጋዋል፤ ከተዘጋ ደግሞ የዚያ አገር ልጅ ትምህርቱ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ ደብረ ማርቆስ ልኮ ሊያስተምር የሚችል አባት አልነበረምና።

አካለ ወልድን ባዶው ክፍል ውስጥ፣ በልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ሁሉም ታመሙ?» አለኝ።

«አልታመሙም። ቀላድ ጣይ ነህ ተብለሃል።»

የነገሩን አመጣጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት። አልገባውም። ደግሜ አስረዳሁት።

«የጭቃ እኮ ናት» አለኝ።

«ጭቃ መሆኗን ማን አይቶ!»

እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ እየፈቀፈቀ እንዲህ አለ፦ «መጽሐፉ ስለ ባቡር ያወራል፤ ልጆቹ ባቡር አላዩም። ስለ መርከብ ያወራል፤ መርከብ አላዩም። እስቲ አንድ ቀን እንኳ የሚያውቁትን ላስተምራቸው ብዬ መሬታቸውን ባመጣላቸው፣ ጭራሽ ልጆቹን አጣኋቸው። እንግዲህ ስለ ምን ላስተምር?»

ለመጀመሪያ ጊዜ «ግድ የለም» ሳይል ቀረ። አንጀቴን በላው። ቅልም ሳንባም ሰዓቴም ተረሱኝና አብሬው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ዱላ ያልያዘ የለም፤ ከኋላ የመጡት አቶ ፋንታ ደግሞ ምንሽራቸውን አንግተዋል። ከፊት የሚመሩት አያ ወልደ ሰንበት፣ የአራተኛ ክፍሏ የባንቺዓለም አባት ናቸው። አቶ ሣህለ ማርያም ሊቀበሏቸው ወጥተው ጠመንጃውን ሲያዩ ቁልፍ የረሱ መስለው ተመለሱ። እኔ ልሽሽ ወይስ ልቁም ግራ ገብቶኝ በሁለቱ መካከል በሩ ላይ ቀረሁ።

«አንተ ልጅ» አሉ አያ ወልደ ሰንበት፣ «አገሬን የለካህበት ወዴት ነው ያለው?»

አካለ ወልድ ወደ ጀርባ መራቸው። ዙሪያውን ቆመው ጭቃውን አዩ። እሱ ሳይጠሩት ተንበረከከና አንዲት መዳፍ የምታህል ጭቃ እያመለከተ «ይኼ የእርስዎ ማሳ ነው» አላቸው።

«የቱ?»

«ይቺ።»

አያ ወልደ ሰንበት ጎንበስ ብለው አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይቺ ብቻ? ከወንዙ ማዶ ያለውሳ? የአያቴ ርስት ወዴት ሄደ?»

«ባንቺዓለም የነገረችኝ ይኼን ነው።»

«ባንቺዓለም ምን ታውቃለች! ገና ትናንት የተወለደች!» ዱላቸውን ጣሉና ተንበረከኩ። «ወንዙ በዚህ ነው የሚዞር። ዋርካው እዚህ ጋ። የእኔ ከዋርካው ይነሣና፣ ና እዚህ፣ እስከዚህ ድረስ ነው።» እያሉ ጭቃውን በሁለት እጃቸው ገፉት።

«ኧረ በማርያም!» አሉ አቶ ፋንታ ከኋላ። «ድንበሬን ገፋው! ዓይናችሁ እያየ ድንበሬን ገፋው!» ጠመንጃቸውን ለእኔ አስያዙኝና እሳቸውም ጭቃው ውስጥ ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ መናገር አልችልም። ሽማግሌው ሁሉ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ ተንበርክኳል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይመልሳል። ምስክር ይጠራል፤ ምስክሩም የራሱን ማሳ ፍለጋ ገብቶ ይቀራል። ጮቄ ተራራ ተንዶ የግጦሽ መሬት ሆነ፤ ዓባይ ሸሽቶ እስከ ሽንት ቤታችን ደረሰ። የሁሉም ርስት ቢደመር ካገሩ ይበልጥ ነበር። እኔ ጠመንጃ እንደታቀፍኩ ማን ተከሳሽ ማን ከሳሽ እንደሆነ ጠፍቶኛል። አካለ ወልድ ደግሞ በመካከላቸው እየዳኸ «ሰሜን በየት በኩል ነው? ማን ይነግረኛል? አዎን፣ ትክክል!» እያለ ያስተምራል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደከማቸው። አያ ወልደ ሰንበት ወገባቸውን ይዘው ተነሡና ጭቃውን ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ነገሩ ዛሬ አያልቅም» አሉ። «የኔታ፣ ይኼ ነገር ሜዳ ላይ እንዲሁ ያድራል?»

ከ«አንተ ልጅ» ወደ «የኔታ» መቼ እንደተሻገሩ አላስተዋልኩም።

«ያድራል» አላቸው።

«እንግዲያ ማን ይጠብቀዋል? ፋንታን አላምነውም። ነገ ልጄን እሰዳታለሁ፤ ድንበራችንን ትጠብቅ።»

«እኔም ልጄን እሰዳለሁ!» አሉ አቶ ፋንታ፣ ጠመንጃቸውን ከእጄ እየተቀበሉ። «ሁለቱንም!»

ረቡዕ ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን ደፍቶ መጣ። አራተኛ ክፍል ገብቶ ማንንም አላገኘም። አቶ ሣህለ ማርያም ላብ በላብ ሆነው ወደ ጀርባ ወሰዱት። እዚያ ተመዝግበው የሚያውቁትም የማያውቁትም ልጆች በሙሉ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ የጭቃ ጉብታ ራስጌ ቁጭ ብለው ነበር። የማንም ዓይን ከጉብታው ላይ አይነቀልም። ኢንስፔክተሩ ብዙ ተማሪ ቤት አይቷል፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ግን አይቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አላት ባንቺዓለምን።

«የአባቴ ርስት ነው» አለች ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «በምሥራቅ አቶ ፋንታ፣ በደቡብ ወንዙ፣ በምዕራብ የዲሬክተሩ ቢሮ ያዋስኑታል።»

«በሰሜንስ?»

«በሰሜን ክርክር ላይ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ አካለ ወልድ ዞሮ «መርጃ መሣሪያው የልጆቹ ነው ወይስ የወላጆች?» አለው። አካለ ወልድም ትንሽ አሰበና «እኔም አልለየሁትም» ብሎ እውነቱን ነገረው። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ፣ መልሶ ደፍቶ፣ ሪፖርቱን ሊጽፍ ሄደ።

መልሱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደረሰ። አራተኛ ክፍል ይቀጥላል። መምህር አካለ ወልድ ደግሞ «ልምዱን ያካፍል ዘንድ» ወደ ሞጣ ተዛውሯል። ሹመት ይሁን ቅጣት አቶ ሣህለ ማርያምም አላወቁም፤ እንኳን ደስ ያለህ ይበሉት ወይስ እግዚአብሔር ያጽናህ ስላልለየላቸው እጁን ብቻ ጨበጡት። አያ ወልደ ሰንበት «ክርክራችንን ማን ሊፈርድልን ነው?» ብለው ጮኹ። ሰሚ አላገኙም። አካለ ወልድ ከደጀን በመጣ የጭነት መኪና ላይ ከነቆርቆሮዎቹ ተሳፍሮ ሄደ። መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ይሰማን ነበር።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ የአያ ወልደ ሰንበትንም የአቶ ፋንታንም ርስት አንድ ላይ አድርጎ አጠበው። እኔ ተገላገልኩ አልኩ። ካልሲዎቼ ጥንድ ጥንድ ሆነው ዋሉ። እሜቴ ሀብትነሽ ነጭ ቅቤ መናጥ ጀመሩ። ከግድግዳው ማዶ አዲሱ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ ድምፅ የለም። አንድ ቀን የሰርዲን ቆርቆሮ ከፍቼ በልቼ ባዶውን ልጥል ከቤት ወጣሁና፣ ቆርቆሮውን እንደያዝኩ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መጣል አልቻልኩም። ናፍቆኝ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ደሞዝ እንደወጣ አዲስ ደዋይ ሰዓት ገዛሁ። ጥሩ ሰዓት ናት፤ ቀጥ ብላ ቆማ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሞጣ ወረድኩ። ገበያው አፍ ላይ ሳሊህ የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ የመምህር አካለ ወልድን ቤት ጠየቅኩ።

«ዘመዱ ነህ?» አሉኝ።

«ባልደረባው ነበርኩ።»

«እንግዲያ ስታገኘው ንገርልኝ፤ ሚዛኔን ለትምህርት ነው ብሎ ከወሰደ ሰነበተ፤ ስኳሩን በግምት ልሸጥ ነው ወይ?» አሉና ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ሱቃቸውን ዘግተው እስከ ደጁ አደረሱኝ።

ደጁ ላይ ሚዛኑ ተሰቅሏል፤ በአንዱ ሳህን ድንጋይ፣ በሌላው ላባ ሞልቶበታል። እሱ ከውስጥ እየሮጠ ወጥቶ አቀፈኝ። ጭቃ በጭቃ ነበር። የመጣሁበትን ሳልነግረው ሰዓቷን ከካፖርቴ ኪስ አውጥቼ ዘረጋሁለት።

ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጣት። ዓይኑ በራ።

«ትሠራለች?» አለኝ።

«አዎን» አልኩት፤ «ትሠራለች።»

«ግድ የለም» አለና ካቻቢቴውን መፈለግ ጀመረ።